የጋሽ ሜትር አራት ምሰሶዎች

አባቴን ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው «ጋሽ ሜትር» በሚለው ስም ነው። ትክክለኛ ስሙን ከእኔና ከጡረታ ቢሮው በስተቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። መጋረጃ የምታሰፋ ሴት ጨርቁ ይብቃ አይብቃ የምትጠይቀው እሱን ነው። አልጋ የገዛ ሰው በሩ ያስገባው እንደሆነ የሚያጣራው በእሱ ዓይን ነው። አንድ ጊዜ አናጢው ያመጣልንን ጠረጴዛ ገና ከበር ላይ አይቶ «አንደኛው እግር አጥሯል» አለው። አናጢው በንዴት ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ለካ። ሦስት ሚሊ ሜትር አጥሯል። ሰውየው ከዚያ ወዲህ በእኛ በር አላለፈም።

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የቀያሽ ረዳት ነበር። ቀያሹ በመሣሪያው መነጽር አሻግሮ ሲያይ፣ ባለ ቁጥሩን በትር ይዞ ፀሐይ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። የመለኪያ ሰንሰለት የሚጎትተው፣ ችካል የሚመታው፣ ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ በትከሻው ተሸክሞ ከኮረብታ ኮረብታ የሚያዞረውም እሱ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ሥራ ግን «ይሄ የኔ ነው» ብሎ በጣቱ የሚያሳየው አራት ነገር ብቻ ነበር። ከሰፈራችን ዳር ያለውን ረግረግ አቋርጦ በሚያልፈው የእግር መንገድ ዳር የቆሙ፣ ከጉልበት የማይበልጡ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት የሚል ቁጥር የተጻፈባቸው የሲሚንቶ ምሰሶዎች። ጠጠሩን ሌሎች አፈሰሱት፣ ጣውላውን ሌሎች መቱት፤ ኪሎ ሜትሮቹ ግን የእሱ ናቸው።

መንገዱ ማንንም አያስጨንቅም። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፤ ደረቁ ቦታ ላይ ጠጠር፣ እርጥቡ ላይ የእንጨት ርብራብ ነው። ግራና ቀኙ ሸንበቆና ደንገል። ማለዳ ከገባችሁ ዳክዬዎች ልጆቻቸውን አስከትለው ውሃው ላይ ሲንሸራሸሩ ታገኛላችሁ። ሽመላው ባንድ እግሩ ቆሞ ዓሣ ይጠብቃል፤ ሥራ ፈት መስሎ የእሱን ያህል በሥራው ላይ ያለ ፍጡር የለም። ኤሊዎቹ የወደቀ ግንድ ላይ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። እንቁራሪቶቹ የሰው ኮቴ ሲሰሙ ጸጥ ይሉና ካለፋችሁ በኋላ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አልፎ አልፎ ውሃ ሊጠጣ ከወረደ ድኩላ ጋር ፊት ለፊት ትገጣጠማላችሁ፤ ያን ጊዜ ማን ማንን እንዳስደነገጠ አይታወቅም። ሐኪም «ተንቀሳቀስ» ያለው ሁሉ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ጡረተኛው፣ ከሥራ በፊት ሶምሶማ የሚሮጠው፣ ሁሉም እዚያ ነው። እኔም የስፖርት መምህርት ስለሆንኩ ተማሪዎቼን እየነዳሁ ሃያ አምስት ዓመት ተመላልሼበታለሁ።

ስለዚያ መንገድ ሁለት የልጅነት ትዝታ አለኝ። በአንደኛው ሸንበቆው ግድግዳ ነው። ከላይ ቀጭን ሰማይ ብቻ ይታየኛል። አባቴ እጄን ይዞኛል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እኔ ላወራ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ጣቱን አፉ ላይ ያደርጋል። የሚጸልይ ነበር የሚመስለኝ። በሁለተኛው ደግሞ ሸንበቆው ከበታቼ ነው። ውሃው እስከ ወዲያኛው ዳር ተዘርግቶ ይታየኛል፤ መዓት ነጫጭ ወፎች በአንድ ጊዜ ይነሱና ፀሐይዋን ይጋርዷታል። በሁለቱም ስድስት ዓመቴ ነው። እንግዲህ ሰው በአንድ ቀን አጭርም ረጅምም አይሆንም ብዬ፣ ሁለቱን የሁለት ቀን ትዝታ አድርጌ ነው ያኖርኳቸው።

የምሰሶዎቹን ታሪክ አባቴ ሲያወራው አንድ ቃል አይጨምር፣ አንድ ቃል አይቀንስ። መንገዱ አልቋል። ሰኞ አለቆች ሊጎበኙ ይመጣሉ። የኪሎ ሜትር ምልክት ግን አልተተከለም። ሰንሰለቱም ሜትሩም ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው የእህቱን ልጅ ሊድር ሌላ ከተማ ሄዷል። «ሌላ ሰው ቢሆን ራሱን ይዞ ይጮህ ነበር» ይላል አባቴ። «እኔ ግን ሜትሩ እግሬ ላይ ነው።» ይሄ ጉራ አይደለም። አንድ ሺህ ሦስት መቶ የአባቴ እርምጃ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ቀያሹ ራሱ በሰንሰለት ስንት ጊዜ ፈትኖት ከሁለት ሜትር በላይ ሲስት አላገኘውም። እሑድ ጠዋት እየቆጠረ ሄደ፣ በየአንድ ሺህ ሦስት መቶው የእንጨት ችካል መታ፣ ሰኞ በማለዳ ሠራተኞቹ በየችካሉ ቦታ ምሰሶውን ተከሉ። አለቆቹ መጡ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቼን አስቀድሜ ከኋላ ሳዘግም፣ ሁለት ቁጥር ምሰሶ አጠገብ አንድ ሰው ረጅም እጀታ ያለው ጎማ እየገፋ መጣ። ከሩቅ የሕፃን መጫወቻ የሚገፋ መስሎኝ ስቄ ነበር። ቀረብ ሲል «ቲቸር!» አለኝ። የድሮ ተማሪዬ ነው። ከቅጥነቱ የተነሣ ሽቦ ነበር የምንለው። አሁን መሐንዲስ ሆኗል፣ ሽቦውም ሆድ አውጥቷል።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

«እየለካሁ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን ሊያድሰው ነው። ምሰሶዎቹም ይቀየራሉ።»

«ምኑን ትለካዋለህ? ተለክቷል እኮ!»

ከዚያ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ከመግቢያው እስከ አንድ ቁጥር ስምንት መቶ አሥር ሜትር ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሰባት መቶ ዘጠና አምስት። ከሁለት እስከ ሦስት ሰባት መቶ ስልሳ።»

«ጎማህ ተበላሽቷል» አልኩት ቆጣ ብዬ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። ጎማው ቢበላሽ ደግሞ የመጨረሻው አይስተካከልም ነበር። ከሦስት እስከ አራት አንድ ሺህ ሁለት ሜትር ነው። አራት ኪሎ ሜትር ስንለው የኖርነው መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር ከሦስት መቶ ስልሳ ሰባት ነው፣ ቲቸር።»

ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ነገሩን ግን አልጨረሰም።

«አሥራ ሦስት ደቂቃ» አለኝ። «ያስታውሳሉ?»

እንዴት አላስታውስ! ሽቦ አሥራ ስድስት ዓመቱ እያለ ይህን መንገድ ከዳር እስከ ዳር በአሥራ ሦስት ደቂቃ ይጨርሰው ነበር። የሩጫ ሰዓቴን እያየሁ በደስታ እጮህ ነበር። የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ፣ አራት ኪሎ ሜትር፣ አሥር ዙር፣ ዋንጫው የኛ ነው ብዬ ለርእሰ መምህሩ ቃል ገብቼ ወሰድኩት። በአሥራ አምስት ደቂቃ ተኩል ገባ። መጨረሻ ወጣ። ስንመለስ አውቶቡሱ ሙሉ ልጅ እየሰማ፣ «አንተ ልብ የለህም! ሰው ሲያይህ እግርህ ይታሰራል፣ ፈሪ ነህ!» አልኩት። ከዚያ በኋላ ሮጦ አያውቅም። ከእሱ በኋላም ተማሪዎቼ ረግረጉ ላይ ነፋስ፣ ስታዲየም ውስጥ ድንጋይ ሲሆኑብኝ ኖረዋል። አንዱን ዓመት በጫማ፣ አንዱን ዓመት በብርድ፣ አንዱን ዓመት በቁርስ አሳብቤያለሁ። ምሰሶዎቹን መጠርጠር ግን እንኳን ላደርገው አስቤውም አላውቅ።

«ሃያ ሦስት ዓመት ፈሪ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት» አለኝ ሽቦ። ፈገግ ብሎ ነው ያለው፤ ፈገግታው ግን ዓይኑ ድረስ አልደረሰም። አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አባቴ እንዳይሰማ!»

አትፍረዱብኝ። አባቴ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ዓይኑ ደክሟል፤ ጋዜጣ የማነብለት እኔ ነኝ። እግሩም አጥሮበታል። ከወንበሩ እስከ መታጠቢያ ቤቱ እየቆጠረ ይሄድና «አሥራ አንድ» ይለኛል፤ «ድሮ ዘጠኝ ነበር።» ይህን ሁሉ ችሎ የተቀመጠው አንድ ነገር ስላለው ነው፤ ልክ የሆነ ሰው ነበር። መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚያልፈውን ጎረቤት «ዛሬ እስከ ስንት ሄድክ?» ይለዋል። ሰውየው «እስከ ሦስት ደርሼ ተመለስኩ፣ ጋሽ ሜትር» ሲለው ፊቱ ይበራል። ያን ከነጠቁት ምን ይቀረዋል? ምሰሶዎቹ ውሸት ናቸው የሚል ወሬ ጆሮው የገባ ቀን አባቴን የምቀብረው መሰለኝ። እውነቴን ነው።

«እሱ እስኪያልፍ ድረስ ተዋቸው» ብዬ ለመንኩት። «ምን አለበት? ማንን ገደሉ?»

«የልብ ሐኪሙ ሦስት ኪሎ ሜትር ተራመዱ የሚላቸው ሰዎች አሉ፣ ቲቸር። ሥራው ደግሞ ሰኞ ይጀመራል። እኔ የምጨነቀው በሌላ ነው። ለአባባ ሳልነግር ምሰሶዎቻቸውን መንቀል ነውር ነው። ቅዳሜ መጥቼ አስፈቅዳቸዋለሁ።»

ቁጥሩን እንዳያነሣ አስማልኩት። ምሰሶዎቹ አርጅተው ነው የሚቀየሩት፤ በቃ። እሺ አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን በደንብ አስተኩሶ መጣ። አባቴ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ከሥራ ዘመኑ የተረፈውን የተሰነጠቀ የእንጨት ሜትሩን ጭኑ ላይ አድርጎ። ሽቦ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለውና የወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሻይ አቀረብኩ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ ተወራ። ከዚያ ሽቦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባባ፣ የረግረጉ ምሰሶዎች ትንሽ አርጅተው ስለሆነ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አዳዲስ ሊያቆም አስቧል። እርስዎን ሳናስፈቅድ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«አርጅተዋል» አለ አባቴ። «እኔም አርጅቻለሁ። ስንት አገኘህ?»

«አቤት?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ጎማ እየገፋህ ስትመላለስ የሰፈሩ ጡረተኛ በሙሉ እዚህ መስኮት ላይ ቆሞ ነግሮኛል። ለካህ። ስንት አገኘህ?»

ሽቦ ወደ እኔ ዞረ።

«እሷን ምን ታያታለህ? እሷ ቀያሽ አይደለችም!»

«አባባ፣ ሻይህ እየቀዘቀዘ ነው» አልኩ። ከዚህ የተሻለ ነገር አልመጣልኝም።

«ይቀዝቅዝ። አንብብልኝ፣ ልጄ።»

ሽቦ ወረቀቱን አወጣ። ስምንት መቶ አሥር። ሰባት መቶ ዘጠና አምስት። ሰባት መቶ ስልሳ። አንድ ሺህ ሁለት። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። የላብራቶሪ ውጤት የሚነበብለት ሰው እንደዚያ ነው የሚያዳምጠው። ፊቱ ላይ ያለው ደም ሲሸሽ አየሁት፤ ወይም መሰለኝ። ተነሥቼ አጠገቡ ቆምኩ።

«ጎማው ምናልባት…» አልኩ።

«ዝም በይ። እንደገና አንብበው። በተራ።»

እንደገና ተነበበ።

«እየቀነሰ ነው የሄደው» አለ አባቴ።

«አዎ።»

«ከዚያ አራተኛው ላይ አንድ ሺህ ሁለት።»

«አዎ፣ አባባ። እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። አራተኛውን እንዲህ አስተካክሎ የቆጠረ ሰው፣ ሦስቱን እንዴት…» ሽቦ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

አባቴ ተነሣ። ልደግፈው ስል እጄን መለሰው። ወደ ጓዳው በር ሄደ፤ ስምንት እርምጃ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። የበሩ መቃን ላይ እኔና ወንድሜ ባደግን ቁጥር በሚስማር የጫረው የቁመታችን ምልክት አለ። ቀለም በተቀባ ቁጥር «እዚህ ጋ አትንኩ» እያለ ስላስጠበቀው እስካሁን አልጠፋም። በጣቱ ከላይ ወደ ታች እየዳበሰ ወረደ።

«ስድስት ዓመትሽ የቷ ናት?»

ጣቱን ይዤ ምልክቷ ላይ አደረግሁለት። ከወገቡ ትንሽ ከፍ ትላለች። እዚያው ቆሞ መዳፉን በምልክቷ ልክ አየር ላይ ዘረጋ። የሕፃን አናት የሚዳብስ ይመስል ነበር። ከዚያ ትከሻው መነቃነቅ ጀመረ። አለቀሰ ብዬ ክው አልኩ። እየሳቀ ነው! ሆዱን ይዞ፣ መቃኑን ተደግፎ፣ እንባው እስኪወርድ።

«አንቺ ነሻ!» አለኝ።

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«እናትሽ ወንድምሽን ልትወልድ ሆስፒታል ናት። እሑድ ነው። ለማን ልተውሽ? እጅሽን ይዤ ወሰድኩሽ።» ወደ ሽቦ ዞረ። «እይ እስኪ፣ ይህቺን የምታክል ልጅ ይዤ ሰባ ሰባት ሳንቲ ልራመድ ነው? ልጎትታት? ሳላውቀው በእሷ ልክ ሄጄልሃለሁ! መጀመሪያ ላይ ደህና ነበረች፣ ስምንት መቶ አሥር። ቀጥሎ ዘገየች። ሦስተኛው ላይ እግሯ አለቀ፤ ሰባት መቶ ስልሳ። ቁጥሩን አልሳትኩም። አንድ ሺህ ሦስት መቶ፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ነው የቆጠርኩት። እርምጃው ነው የእኔ ያልነበረው።»

«አራተኛውስ?» አለ ሽቦ። ከወንበሩ ተነሥቷል።

«ሦስት ቁጥሩን ችካል ስመታ ቁጭ አለች። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ወይ ፍንክች! ምን ላድርግ፣ ትከሻዬ ላይ አወጣኋት። ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ያን ባለ ሦስት እግር በትከሻዬ ይዤ ነው የሄድኩት። ትከሻዬ ላይ ዕቃ ካለ እርምጃዬ አይሳሳትም። እንዲያውም ወፎቹ ሲነሱ አጨብጭባ ቁጥሩን ልታስጠፋኝ ነበር። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳትና ለሃጯን አንገቴ ላይ ለቀቀችው። አንድ ሺህ ሁለት ነው ያልከው? ሁለቷ ሜትር የለሃጩ ናት!»

እኔ እዚያ በር ላይ እንደ ቆምኩ ቀረሁ። ግድግዳ የነበረው ሸንበቆና ከበታቼ የነበረው ሸንበቆ አንድ ቀን ነው። የሚጸልይ የመሰለኝ አባቴ እየቆጠረ ነበር። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ የከተማው ሰው የሄደው፣ የሮጠው፣ «እስከ ሦስት ደረስኩ» ያለው በእኔ እግር ልክ ነው። ማንም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም፤ እሱም ራሱ እስከዚያች ደቂቃ አላወቀም።

አባቴ ግን ፊቱን ጠርጎ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ነበር። ሳቁ አልቋል፤ አሁን የሥራ ሰው ነው።

«በል ንቀላቸው» አለ።

«አይነቀሉም!» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። ሽቦ አፉን ከፍቶ አየኝ። ሐሙስ ዕለት ስለ አባቴ ብዬ የለመንኩትን፣ አሁን ስለ ራሴ ነበር የምጮኸው።

«ምን ሆነሻል?» አለ አባቴ። «ስህተት ናቸው እኮ።»

«ስህተት አይደሉም!»

«ታዲያ ምንድን ናቸው?»

ሃያ አምስት ዓመት ተማሪ ሳዝዝ የኖርኩ ሴትዮ፣ በድሮ ተማሪዬ ፊት እንደ ሕፃን ተነፋረቅኩ። አባቴ እጄን ፈልጎ ያዘኝ፤ ግን አልተመለሰም። እሱ በዚህ ጉዳይ አይመለስም።

«ሦስቱን ንቀል። አራትንም ንቀል» አለው ሽቦን። «ርቀቱ ልክ ቢሆንም ቦታው ልክ አይደለም። መንገዱ አራት ኪሎ ሜትር የለውም። የሌለውን አለው አንልም።»

ሽቦን እስከ ውጭ በር ሸኘሁት። በዚያን ጊዜ ነው ያቆየሁትን ያልኩት። «ፈሪ አልነበርክም። ይቅር በለኝ። አውቶቡስ ውስጥ በልጆቹ ሁሉ ፊት ስላልኩህ ይቅር በለኝ።»

ጫማውን ሲያይ ቆየ። «ለካ የስድስት ዓመት ልጅ ናት ጉድ የሠራችኝ» አለና ሳቀ። በዚህኛው ጊዜ ዓይኑም ሳቀ። በማግስቱ ጠዋት ረግረጉ ላይ ሆዱን እያንቀጠቀጠ ሲሮጥ አየሁት።

ሰኞ ሲነቅሏቸው አልሄድኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አባቴ አዲሱን አንድ ቁጥር ካላየሁ አለ። ሰማያዊ የተቀባ ብረት ነው፣ ቁመቱ ይህን ያህል ነው ብለው ነግረውታል፤ መዳሰስ ፈለገ። እስከዚያ መሄድ እንደማይችል ሁለታችንም እናውቃለን፤ ማናችንም ግን አልተናገርንም። እሑድ ማለዳ ኮቱን ለበሰ፣ ከዘራውን በቀኝ እጁ ያዘ፣ ግራውን ለእኔ ሰጠኝ።

መግቢያው ላይ ስንደርስ ቆመ። «አንቺ ቁጠሪ» አለኝ። «እኔ አሁን አሁን ይጠፋብኛል።»

ጀመርኩ። የእኔ እርምጃ ትልቅ ነው፤ ተማሪዎቼ ሲከተሉኝ ይሮጣሉ። ከእሱ ጋር ግን እግሬ ራሱ አጠረ። ምንም ያሰብኩት ነገር የለም። ሁለት መቶ ላይ እንቁራሪቶቹ ጸጥ አሉ። አራት መቶ ላይ ርብራቡን ጀመርን፤ የከዘራው ድምፅ ጣውላው ላይ ሌላ ሆነ። «ያቺ ዳክዬ ናት ወይስ…» ሲል ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ጣቴን አላየውም፤ እየቆጠርኩ መሆኔ ግን ገብቶት ዝም አለ። ዘጠኝ መቶ ላይ ስንደርስ ሁለት ጊዜ አርፈን ነበር። ሽመላው በቦታው ነበር። አባቴ ቀና ብሎ በሸንበቆዎቹ መሀል ያለውን ሰማይ አየ፤ መጉበጡ ሸንበቆውን አስረዝሞበታል። ከሺህ በኋላ የእሱ ትንፋሽ ከእኔ ቁጥር ይበልጥ ይሰማ ነበር።

የድሮው አንድ ቁጥር የነበረበት ቦታ በትኩስ አፈር ተደፍኗል። ሣር ገና አልያዘም። አለፍነው። እዚያው አለፍ ብሎ የእንጨት አግዳሚ አለ፤ አባቴ በከዘራው ነካ አድርጎ አወቀውና ቆመ። ሰማያዊው ብረት ከፊታችን ከመታጠፊያው ጋ ይታየኛል፤ ወደ ሁለት መቶ ሜትር ይቀረዋል። ለእሱ አይታየውም።

«ስንት ሆነ?» አለኝ።

ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። የተደፈነው ጉድጓድ አራት እርምጃ ከኋላችን ነው። የጨመርኩትም የቀነስኩትም የለም።

«አንድ ሺህ ሦስት መቶ» አልኩት።

እጄን ጠበቅ አደረገው።

«እንግዲያው ደርሰናል» አለና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቀና ጨመረበት፦ «ስንመለስ ግን ትከሻዬ ላይ አላወጣሽም።»